«እጅሽ ለቪዮላ የተሠራ ነው»

ስድስት ዓመት ሙሉ አብሮኝ የኖረ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ የተነገራት ደግሞ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ የነበረች የቫዮሊን ተማሪዬ ናት። ቦታው ከዚራ ውስጥ የተከራየሁት ቤት፣ መስኮቱ ወደ ኒም ዛፍ የሚከፈተው ክፍል ነው፤ ሰዓቱም ከቀኑ አሥር ካለፈ በኋላ ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ ከዚያ በፊት ላስተምር ማለት ሙቀቱንም ሆነ የከተማውን የቀትር እረፍት አለማወቅ ነው። የኖታውን ወረቀት እንዳይበትንብን ቬንትሌተሩን አጠፋሁና የግራ እጇን እንድትዘረጋልኝ ጠየቅኳት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ መዳፏን ገለበጥኩ፣ ጥቂት ዝም አልኩ፤ ከዚያም ከቫዮሊን ገዘፍ ያለውን፣ ድምፁ ወፈር የሚለውን የክር መሣሪያ ጠርቼ «እጅሽ ለቪዮላ የተሠራ ነው» አልኳት።

ልጅቷ እጇን መልሳ አየችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደብተር የምትይዝበትና ፀጉሯን የምትጎነጉንበት ተራ እጅ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ሰው፣ ያውም አስተማሪዋ፣ የእጇን ዕጣ አንብቦ ነግሯታል። እኔ ደግሞ እጇን ከማየቴ ሦስት ቀን አስቀድሜ ነገሩን ወስኜ ነበር። ያ ሁሉ መክፈትና መገልበጥ ለይስሙላ ነበር።

የጎደለው አራተኛ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሠርግ ነው። ሐረር ላይ በጥር ለሚደረግ ሠርግ ኳርቴት፣ ማለትም አራት ሰው ያለበት የክር መሣሪያ ቡድን ይፈለጋል ተብዬ ተጠይቄ፣ ሳላስብ «አለኝ» ብዬ ነበር። አለኝ ያልኩት ግማሹን ነው። አንደኛውን ቫዮሊን እኔ እጫወታለሁ፤ ሁለተኛውን የሚይዝ በዕድሜ ከፍ ያለ ተማሪ አለኝ፤ ቼሎ የሚጫወት ወዳጄም ከአዲስ አበባ እመጣለሁ ብሎኛል። ቪዮላ ተጫዋች ግን በማውቀው ሰው ሁሉ ውስጥ አልነበረም። ኳርቴት ያለ ቪዮላ ሲሰማ ጣሪያና ወለል ኖሮት ግድግዳ እንደሌለው ቤት ነው፤ አድማጩ ምን እንደጎደለ አያውቅም፣ ነገር ግን ነፋስ ሲገባ ይሰማዋል።

መሣሪያው ራሱ ግን ነበረኝ። ሳጥኑ 40 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቪዮላ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ነበር። ከዘጠኙ ተማሪዎቼ መካከል ማንን ልስጠው ብዬ ሳስብ ያወጣሁት መስፈርት ከእጅ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ይህቺ ልጅ ኖታ ቶሎ ታነባለች፤ «እሺ» ማለት ይቀናታል፤ ቤቷ ቅርብ ነው። አራተኛውን ምክንያት ለመጻፍ ብዕሬ ቢከብደውም እጽፈዋለሁ፦ በቫዮሊን ከተማሪዎቼ ሦስተኛ ነበረች፤ ከቫዮሊን ብትወጣ ለመጪው ዓመት ያሰብኩት ዝግጅት ብዙም አይጎዳም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔን የቸገረኝ ግን የራሴ «አለኝ» ማለት ነበር፤ ዋጋውን እንድትከፍል የመረጥኩት ደግሞ እሷን።

«ለሠርግ ቪዮላ ተጫዋች ቸግሮኛል፤ ትሞክሪልኛለሽ?» ማለት እንዴት አቃተኝ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ብላት እሺ ትለኝ እንደነበር አሁን እርግጠኛ ነኝ። ያኔ የፈራሁት እንቢታዋን አልነበረም። አስተማሪ ሲለምን መታየቱን ነው የፈራሁት። ልመናውን ወደ ዕውቀት ለወጥኩት፤ ችግሬን የእሷ ተሰጥኦ አድርጌ ነገርኳት።

ዶ የምትባለው ክር

ቫዮሊንን ለሚያውቅ ሰው ቪዮላ ዘመድ ይመስለዋል፣ ነውም፤ ግን ብዙ የሚያስቸግር ዘመድ ነው። የቫዮሊን ክሮች ከወፍራሙ ሲጀመር ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው። በቪዮላ ላይ ቀጭኗ ሚ ትቀርና ከታች ዶ ትጨመራለች፤ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ። ሦስቱ ክሮች የጋራ ናቸው፤ ሆኖም ጣት የለመደው ሁሉ አንድ ክር ወደ ጎን ተንሸራቶ ይጠብቀዋል። ኖታውም የሚጻፈው ዶን በመካከለኛው መስመር ላይ በሚያስቀምጠው አልቶ ክሌፍ በሚባለው የኖታ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ለሁለት ዓመት የተማረችው ንባብ በአንድ ቀን ተገለበጠባት። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኗ የቫዮሊኑን ያነባል፣ ጣቷ የቪዮላውን ይፈልጋል፤ በመሃል የሚወጣው ድምፅ የማንም አልነበረም።

ከሁሉ የባሰችው ዶ ናት። ቪዮላ ከቫዮሊን በአምስተኛ ርቀት (ከሶል እስከ ዶ ባለው) ዝቅ ይላል፤ ሳጥኑም በዚያው ልክ ይደግ ቢባል የቫዮሊኑ 35 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ 53 ይደርስ ነበር፣ ይህም ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሠሪዎች ድርድር ያደርጋሉ፤ አንዱ 39 ይሠራል፣ ሌላው 42፤ አንድ ወጥ ልክ የለውም። ድርድሩ የሚሰማው ዶ ላይ ነው፦ ክሯ ወፍራም ናት፣ ሳጥኑ ለእሷ ይጠብባታል፣ ቀስቱ ሲነካት ወዲያው አትመልስም። በቫዮሊን የለመደች ልጅ ቀስቷን በፍጥነት ስትስብባት ዶ ትንፋሽ ብቻ ሆና ትቀራለች። ክብደት ማሳረፍ፣ ቀስቱን ማዘግየት፣ ከዚያም መጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህን መጠበቅ ያገኘችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ኅዳር ውስጥ ነበር። ክርኗን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስቱን በክሩ ላይ አሳርፋ፣ ሳትስብ ቆየች፤ ከዚያ ስትስበው ዶ ከሆዱ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ ነዘረ። ሁለታችንም ማንኪያውን አየነው፤ እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ከሳቄ ሥር አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ ልጅቷ በእውነት ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋም የቆመው በእኔ ውሸት ላይ ነበር።

ካሊፐሩ

አባቷ የመጡት በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ቀድሞ በምድር ባቡሩ ጋራዥ የቶርኖ ባለሙያ የነበሩ፣ ብረት ሲላጩ ያረጁ ሰው ናቸው። እኔ በጽሑፍ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን እኔንም ሆነ ሌላውን ሰው ሁሉ አንተ ነው የሚሉት፤ እኔም በአካል ሳገኛቸው አንተ እላቸዋለሁ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ሲበዛ ሰው የተቀየምከው ይመስለዋል። በሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ እንደ ብዕር የተሰካ አንድ ብረት ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ያኔ ልብ አላልኩም።

«ቲቸር፣ ልጅቷን ከቫዮሊን አውርደሃታል አሉኝ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

ቪዮላ ቫዮሊን ያቃታቸው የሚጣሉበት ነው የሚለው ወሬ ከየት ደረሳቸው ብዬ ልገረም አይገባኝም ነበር፤ በሙያው ውስጥ ያረጀ ቀልድ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ስቄበታለሁ። ወሬው ልክ አይደለም አልኳቸው። ሞዛርት ራሱ ከወዳጆቹ ጋር ኳርቴት ሲጫወት ቪዮላውን መያዝ ይወድ እንደነበር ነገርኳቸው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ለእውነተኛው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

«እሷን ለምን መረጥካት?» አሉኝ።

«በእጇ ነው» አልኩ።

«የእጇ ምኑ?»

«ርዝመቱ።»

ያን ጊዜ ከኪሳቸው ካሊፐሩን፣ ያን የብረት መለኪያ፣ አወጡት። ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ላይ እንድታደርግ በአገጫቸው አመለከቷት። የመሃል ጣቷን ከሥሩ እስከ ጫፉ ለኩ፤ የብረቱን መንገጭላ ሳያስጨንቁ፣ ዕንቁላል እንደሚይዝ ሰው አድርገው። «74 ሚሊ ሜትር» አሉ። ትንሿ ጣት 55 ሆነች። ከዚያ ዞር ብለው ተራውን እየጠበቀ የተቀመጠውን፣ ቫዮሊን የሚማረውን የ12 ዓመት ልጅ ጠሩት። የእሱ መሃል ጣት 76 ሆነ፤ ትንሿ 57። ካሊፐሩን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። አንድ ዕቃ ከተባለው ልክ ጋር ሲለያይባቸው ልኩን ዳግመኛ የሚጠይቁ ባለሙያ ነበሩ፤ ይኸውም ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ እጇን ከጠረጴዛው አላነሣችም።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ሰውየው መንገዱን ጠርገው፣ ቁጥሩን አስቀምጠው፣ ዝም ብለው እየጠበቁኝ ነበር። እኔ ግን አፌን ስከፍት የወጣው «ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ዋናው ዝርጋታው ነው» የሚል ነበር። ይህ ደግሞ ከሐሰት የከፋ እውነት ነው። ቪዮላ ላይ በጣቶች መካከል ያለው ርቀት ከቫዮሊኑ ይሰፋል፤ ስለዚህ አጭር ጣት ኖሮት እጁ በደንብ የሚከፈት ልጅ ረጅም ጣት ካለው እጀ ደረቅ ልጅ ይሻላል፤ የትኛውም አስተማሪ ይህን ይመሰክርልኛል። ብቻ እኔ ዝርጋታዋን ከማንም ጋር አነጻጽሬ አላውቅም ነበር።

አባቷ ጣቶቿን በጠረጴዛው ላይ አስከፈቷትና ከአመልካች ጣቷ ጫፍ እስከ ትንሿ ጫፍ ለኩ። ከልጁ ጋር ሊያነጻጽሩ ዞር ሲሉ ልጁ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷቸው ነበር፤ ምን እንደተሰማው አላውቅም። እሳቸውም አልጠየቁትም። ካሊፐሩን ዘጉና «ይሁን፤ ባለሙያው አንተ ነህ» አሉ።

ከዚያ ሲነሡ ቪዮላውን አንሥተው በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አዩ። ውስጥ የቆመችው ትንሽ እንጨት ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። እኔም መውጫ እንዳገኘ ሰው ማብራራቱን ያዝኩት። እንጨቷ የላዩን ጣውላ ንዝረት ወደ ታችኛው ታደርሳለች፤ በሙጫ አልተያያዘችም፣ ቆማ ያለችው በክሮቹ ግፊት ነው፤ የድሬዳዋ ሙቀት መጋጠሚያውን አላልቶት ስለነበር ቪዮላውን ከቁም ሣጥን ሳወጣው ወድቃ ነው ያገኘኋት፤ ፈረንሳዮች «አም» ይሏታል አልኳቸው። በባቡሩ ዘመን ፈረንሳይኛ የለመዱት ሰውዬ ፈገግ አሉና «ነፍስ» ብለው ተረጎሙልኝ። «ያለ ሙጫ የምትቆም ነፍስ። እና ክሩን ብትፈታው ትወድቃለች?» «ትወድቃለች» አልኩ። ስለ ልክና ስለ ግፊት ሩብ ሰዓት ያህል አወራን፤ ጨብጠውኝ ሄዱ። ስለ ጣት ያነሣ የለም።

ብቸኛ አስተማሪ መሆን

ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለውን አባባል ልጅ ሳለሁ ለሐሜት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። በማስተማር ውስጥ ከኖርኩ በኋላ ግን ከሁሉ በላይ ለአስተማሪ የተነገረ ይመስለኛል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ አንድ አስተማሪ የነገረውን ሌላው ያርምለታል፤ ጓደኛው ይስቅበታል፤ ፈተና ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ሌላ ጆሮ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ጋ የሚመጣ ልጅ ግን ሌላ ጆሮ የለውም። በሩ ይዘጋል፣ እኔና እሱ ብቻ እንቀራለን፣ ስለ ክንዱ፣ ስለ ጆሮው፣ ስለ ጣቱ የምለው ሁሉ እንደ ሐኪም ቃል ይያዛል። «ትከሻህ ደረቅ ነው» ያልኩት ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ትከሻውን እያሸ ኖረ፤ እኔ ግን ያንን ያልኩት በዚያ ቀን ትከሻው ስለደከመ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የማውቀው ታሪክ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ቪዮላን በብቸኛ ተጫዋችነት መድረክ ላይ ካቆሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እንግሊዛዊው ላዮኔል ቴርቲስ (እ.ኤ.አ. 1876–1975) ነው። ወደ ቪዮላ የተሻገረው እጁ ተመርምሮ አይደለም፤ ተማሪ ሳለ ኳርቴት ለማቋቋም የፈለገ ባልንጀራው ቪዮላ ተጫዋች ቢያጣ ጊዜ ስለጠየቀው ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሰሞን ተጽናናሁ፤ ያው እኔ ያደረግኩት ነው ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ግን ያው አይደለም። ቴርቲስ ተጠይቋል። ክፍተቱን በዓይኑ አይቶ፣ ማን እንደቸገረው አውቆ ገባበት። የእኔ ተማሪ አልተጠየቀችም፤ ተነገራት። አንዱ ልጅ በራሱ እግር ሄዷል፤ ሌላይቱ «መንገድሽ ይህ ነው» ተብላ ተወስዳለች። የደረሱበት ቦታ አንድ መሆኑ ይህን ልዩነት አያጠፋውም፤ ቢያንስ እኔን አያሳምነኝም።

ሠርጉ ደህና አለፈ። ቼሎውን ሚኒባሱ ውስጥ እንደ መንገደኛ አስቀምጠን፣ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ወጣን፤ ሐረር ስንደርስ በከፍታው ብርድ ክሮቹ ሁሉ ቅኝታቸውን ለቀው ግማሽ ሰዓት ስንቃኝ ቆየን። ልጅቷ ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳተች፤ ከእኔ በቀር ማንም አልሰማም። ቪዮላን ማንም አይሰማውም፤ መልካምነቱም ጉዳቱም ይኸው ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት ግን እያደር ደፈረሰ። ልጅቷ ቪዮላውን አልተወችውም። ስድስት ዓመት ስትጫወት እጇ በእውነት ተከፈተ፤ አሁን ትንሿን ጣቷን ስትዘረጋ አይቼ እኔ ራሴ እቀናለሁ። ታዲያ «ለቪዮላ የተሠራ እጅ» ያልኩት ትክክል ሆነ? ሆነ፣ ግን የሠራችው እሷ ናት፤ በየቀኑ፣ በሙቀት፣ መብራት በጠፋበት ምሽትም ጭምር በሻማ። አንዳንድ ወዳጆቼ «ውጤቱ ካማረ ምን ቸገረህ» ይሉኛል። ውጤቱ የእሷ ነው፤ ለእኔ የቀረልኝ አነጋገሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቪዮላውን ለማንም «ይገባሃል» ብዬ አልሰጥም። ሁለት ሳምንት ቤትህ ውሰደው፣ ከወደድከው ንገረኝ፣ የምፈልግህም ለዚህና ለዚያ ነው እላለሁ። አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን ይመልሰዋል።

ያለፈው ቅዳሜ

አሁን 19 ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን በማስተማር ታግዘኛለች። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። እኔ ጓዳ ሻይ እያፈላሁ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ተማሪዬ የልጁን ግራ እጅ ተቀብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትከፍት አየኋት። መዳፉን ገለበጠች። ጥቂት ዝም አለች። «እጅህ ለቫዮሊን የተሠራ ነው» አለችው። ልጁ እጁን ወደ ፊቱ አቅርቦ አየው፤ ለእናቱም አሳያት።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እሷ በጨርቅ ክሮቹ ላይ የቀረውን፣ ቀስቱ የሚቀባውን የሮዚን ዱቄት እየጠረገች ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ሻይዋን ፊቷ አስቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ «አባትሽ ያኔ ካሊፐር ይዘው የመጡ ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«እንዴት ትዝ አይለኝም?» አለች፣ ቀና ሳትል። «የእኔ 74። የልጁ 76።»

ጨርቁን ገልብጣ በንጹሑ በኩል ዶን ጠረገች። በሩ ተንኳኳ፤ የአሥራ አንድ ሰዓት ተማሪ ነበር።